ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የበቀለው ጉድ

ሻጋታ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የከረመ እንጀራ ነው። ሦስት አራት ቀን የቆየው እንጀራ ሞሰቡ ሲከፈት ነጭና አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቶ ይገኛል፣ «ወይ ጉድ፣ ሻገተ እኮ!» ይባላል፣ ይጣላል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እኔም ሻጋታን የማውቀው በዚሁ መጠን ነበር። ሻጋታ ግድግዳ ይበላል፣ ልጅ ያስላል፣ ከአከራይ ጋር ያካስሳል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሴንት ፖል ውስጥ፣ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ፣ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ሊጠይቁን ከሀገር ቤት ከመጡት አማቴ ጋር ባሳለፍነው አንድ የበረዶ ወራት ግን ተማርኩ። ትምህርቱ ለእኔ ውድ ስለነበር ሌላው ወገኔ በርካሽ ቢያገኘው ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

አንዳንድ አንባቢ «ስንት የሚጻፍ የሀገር ጉዳይ እያለ የግድግዳ ሻጋታን ምን አመጣው?» ማለቱ አይቀርም። ይበል። የሀገሩን ጉዳይ እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከርበት ግን እዚያው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ነው፤ በጎን ክፍል ደግሞ ልጅ እየሳለ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሳል ነው። ትንሹ ልጄ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ኖቬምበር ሲገባ ሌሊት ሌሊት ያስለው ጀመር። ቀን ደህና ይውላል፣ ይሮጣል፣ ይጫወታል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ግን ደረቱ እንደ አሮጌ ወናፍ ሲር ሲር እያለ ይነቃል። ጉንፋን ነው አልን። ዝንጅብል በማር ተፈላ። አማቴ በሻንጣቸው ይዘውት የመጡት ዳማ ከሴ ታሸ። ቪክስ ተቀባ። አማቴ «መጥፎ አየር ነው» ብለው ማታ ማታ ዕጣን ያጨሱ ጀመር። ሳሉ ባሰ። (ዕጣንም ሆነ ሌላ ጭስ አስም ላለበት ደረት ጠላት መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው። ይህን ለአማቴ ለመንገር የባለቤቴ ድፍረት አስፈልጓል።) የሚገርመው፣ ቅዳሜ ብሩክሊን ፓርክ እህቴ ቤት ስናድር ልጁ አንዴም ሳይስል ያነጋል። እኔም «የአክስቱ ቤት ስለሚመቸው ነው» ብዬ ተረጎምኩት። አባት ሲባል እንዲህ ያለም አለ።

ጉዱን ያገኙት አማቴ ናቸው። ወሎ ተወልደው ያደጉ፣ ማሽላ በጉድጓድ ሲቀበር ያዩ ሰው ናቸው። ይህን ለማያውቀው ወጣት ላስረዳ፦ ማሽላ ሲትረፈረፍ መሬት ተቆፍሮ ይቀበራል፣ አፉ ይደፈናል፣ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ሲከፈት ማንም ዘሎ አይገባበትም፤ የታፈነው አየር ሰው ይገድላልና እስኪናፈስ ይጠበቃል። ዳር ዳሩ ላይ እርጥበት ያገኘው እህል ሻግቶ ይገኛል። ያን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። እናም አንድ ቀን ጠዋት አማቴ የልጆቹ መኝታ ቤት በር ላይ ቆሙና፣

«ልጄ፣ ይኼ ክፍል ጉድጓድ ጉድጓድ ይለኛል» አሉኝ።

«እማዬ፣ አሜሪካ ውስጥ ምን ጉድጓድ አለ ብለው ነው?»

«እስቲ ይኼን ሣጥን ወዲያ በልልኝ።»

ቁም ሣጥኑን ሳብኩት። ከወለሉ ጀምሮ እስከ ደረቴ ድረስ ግድግዳው ጠቁሯል። ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ መሐሉ ጥላሸት የመሰለ፣ እንደ ካርታ የተዘረጋ ነገር ነው። የሣጥኑ ጀርባም ረጥቧል። ባለቤቴ ለፋሲካ ብላ ያስቀመጠችው የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ላይ ሳይቀር ነጠብጣብ አውጥቷል። የሕፃኑ አልጋ ራስጌ ከዚያ ግድግዳ አንድ ክንድ አይርቅም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፣ ኀፍረት ነው። በማግሥቱ እንግዶች ነበሩብን፤ «ቤታቸው ሻገተ» መባል ለሐበሻ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሣጥኑን ወደ ቦታው መለስኩት። እንግዶቹ በልተው ጠጥተው ሲሄዱ ወደ በረኪናው ገባሁ። በረኪና ለእኛ የማያድነው በሽታ የለም። ግድግዳውን በበረኪና ፈተግሁት፤ ቤቱ ሽንት ቤት ሽንት ቤት ሸተተ፤ ልጁ በዚያን ሌሊት ከሁልጊዜው የባሰ ሳለ። ቅዳሜ ሄጄ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ገዛሁና ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ግድግዳው እንደ ሙሽራ ነጣ። ገበናችን ተሸፈነ ብዬ ተኛሁ።

ስድስት ሳምንት አልሞላም። ቀለሙ ማበጥ፣ ከዚያ መላጥ ጀመረ፤ ጥቁሩም በስንጥቁ ብቅ አለ።

የሕንፃው ማናጀር ሁለቴ ተደውሎለት በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ከበሩ ላይ ሆኖ አየት አደረገና፣ ብዙ ሰው ትኖራላችሁ፣ ምግባችሁ እንፋሎት ይበዛዋል፣ መስኮት ክፈቱ አለኝ። ውጭው ከዜሮ በታች 15 ፋራናይት ነበር። በዚያ ብርድ መስኮት ክፈት ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። አንገቴን ደፍቼ «እሺ» አልኩት። ሲሄድ ተናደድኩ። ሌሊት ግን «እውነቱን ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ያዘኝ።

አሁን ሳስበው ግማሹ እውነት ነበር። ከማቀዝቀዣ የወጣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ያልበዋል። ላቡ ከጠርሙሱ ውስጥ የወጣ አይደለም፤ በክፍሉ አየር ውስጥ የማይታየው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ሲነካ ውኃ ሆኖ ነው። በሚኒሶታ የበረዶ ወራት የቤታችን የውጭ ግድግዳና መስኮት ያ ጠርሙስ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ወርዳ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ከውስጥ ሙቀትና እንፋሎት፣ ከውጭ ያ ብርድ፣ በመካከላቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው ያለው። በዚያ ላይ ቁም ሣጥን አስጠግታችሁበት የክፍሉ ሙቀት እንዳይደርሰው ከከለከላችሁት፣ ግድግዳው በጨለማ ውስጥ ወራቱን በሙሉ ሲያልበው ይከርማል።

እንፋሎቱን የምናመጣው እኛ ነን። እንተነፍሳለን፣ እንታጠባለን፣ ልብስ አጥበን ቤት ውስጥ እናሰጣለን፣ ወጥ ለአራት ሰዓት እናንተከትካለን። እንጀራውስ? ባለቤቴ የምትጋግረው ብዙዎቻችሁ በምታውቁት በዚያ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ይህ ምጣድ ለእኛ የተሠራ አይደለም። በጎረቤታችን አዮዋ የሚሠራ፣ የኖርዌይ ዘር ያላቸው የሚኒሶታ ሰዎች ሌፍሴ የሚሉትን የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት ነው። ሌፍሴ ግን ደረቅ ቂጣ ነው፤ እንጀራ ደግሞ ዐይኑ የሚወጣው ውኃው በእንፋሎት እየሄደ ነው። ሠላሳ እንጀራ በተጋገረበት ቀን የወጥ ቤታችን መስኮት እንደ ምንጭ ይወርዳል። ብርዱን ለመከላከል ደግሞ መስኮቱን ሁሉ በፕላስቲክ አሽገነዋል። አማቴ ያደጉበት ሣር ቤት ጭሱ በክዳኑ ውስጥ ያልፋል፣ እሳቱ ቀኑን ሙሉ ያደርቀዋል፤ ቤቱ ራሱ ይተነፍሳል። የእኛ አፓርታማ ግን አፉ እንደተደፈነ ጉድጓድ ነው። ሴትዮዋ ያለ መሣሪያ በአፍንጫቸው ብቻ ያገኙት ይህንኑ ነበር።

ማናጀሩ ያልነገረኝ ሌላው ግማሽ ግን ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ የአየር ማውጫ ማራገቢያ ድምፁን ያሰማል እንጂ አየር አይስብም። አንድ ቁራጭ የሽንት ቤት ወረቀት አፉ ላይ አድርጌ ለቀቅሁት፤ ይዞ ማስቀረት ሲገባው ወለል ላይ ወደቀ። እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩት። ከዚህ ሌላ፣ መስኮት አጠገብ እንኳ ያልሆነው የግድግዳው ታችኛ ክፍል ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ያ የእንጀራ እንፋሎት ሊሆን አይችልም። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ መካከል ልጁ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠረውና ሐኪም ዘንድ ሮጥን። ሐኪሟ ደረቱን ካዳመጠች በኋላ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፦ ቤታችሁ ውስጥ እርጥበት፣ የሚያፈስ ውኃ፣ የሻጋታ ሽታ አለ ወይ? ባለቤቴ እኔን አየች፣ እኔ ጫማዬን አየሁ። የአስም ምልክት መሆኑን ነግራን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችን። ለአከራዩ የሚሰጥ ደብዳቤም ጻፈችልን።

ከዚያ ወዲያ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሻጋታ ተክልም እንስሳም አይደለም፤ የእንጉዳይ ዘመድ ነው። ዘሩ ዐይን የማያየው ብናኝ ሆኖ በየአየሩ አለ፤ ውጭም ቤትም፣ ንጹሕ ቤትም ቆሻሻ ቤትም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው እንዲህ ያለ ዘር በሳህኑ ላይ አርፎበት ነው፤ ስለዚህ ሻጋታ ሁሉ ክፉ አይደለም። ዘሩን ከቤት ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ለመብቀል የሚያስፈልገው ምግብና ውኃ ነው። ምግቡ ሞልቷል፤ የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ በወረቀት የተለበጠ የጀሶ ሰሌዳ ነው፣ እነሱ ሺትሮክ የሚሉት። ወረቀቱ ለሻጋታ ፍርፍር ነው። የሚጎድለው ውኃ ብቻ ነው፤ ከረጠበ በኋላ ሳይደርቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከቆየ ይበቃዋል። የእኔ በረኪናና ቀለም ያልሠራውም ለዚህ ነው። ውኃው በቦታው ነበር።

ስለ ጤናው ደግሞ ሁለት ዓይነት ስህተት ሰምቻለሁ። አንዱ «ሻጋታ ምን ያደርጋል፣ ስንቱን አልፈን መጥተናል» የሚለው ነው። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ትልቅ ጥናት፣ እርጥብና ሻጋታ ያለበት ቤት ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ እንኳ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ሕመም፣ ከሳልና ከትንፋሽ ማፏጨት ጋር፣ አስም ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ከአስሙ መነሳት ጋር በበቂ ማስረጃ የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ የራሱን መመሪያ አውጥቷል። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ አስም ያለባቸው፣ የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች የበለጠ ይጎዳሉ።

ሁለተኛው ስህተት የተገላቢጦሽ ነው፦ «ጥቁሩ ሻጋታ ይገድላል!» የሚለው ሽብር። ይህ ወሬ የገነነው በ1990ዎቹ ነው። በክሊቭላንድ ኦሃዮ ሕፃናት ከሳንባቸው ደም ፈሷቸው ታመሙ፤ ያኔ ስታኪቦትሪስ የተባለው ጥቁር ሻጋታ ተጠረጠረ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2000 ጉዳዩን እንደገና መርምሮ ግንኙነቱ አልተረጋገጠም ብሏል። ከቀለሙ ተነስቶ ይኼኛው መርዘኛ ነው፣ ያኛው ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ መወገድ አለበት። ሽብሩ የጠቀመው ነጋዴዎችን ነው። አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ አየሩን አስመርምሮ ብዙ መቶ ዶላር ከፍሏል፤ የተሰጠው ወረቀት በቁጥር የተሞላ ነው። በአየር ውስጥ ይህን ያህል ሻጋታ ይፈቀዳል የሚል የፌዴራል መለኪያ ግን የለም። የሚኒሶታ የጤና መሥሪያ ቤትም አብዛኛውን ጊዜ ምርመራ አያስፈልግም ይላል፤ ካያችሁት ወይም ከሸተታችሁ አለ ማለት ነው፣ ገንዘባችሁን ውኃውን ለማቆም አውሉት።

አሁን ከዚህ ሁሉ የከበደኝን ልጻፍ። በእንግሊዝ ሀገር፣ ሮችዴል በተባለች ከተማ፣ ከሱዳን የመጡ ቤተሰቦች ልጅ ነበር፤ ስሙ አዋብ ኢስሃቅ። አባቱ እ.ኤ.አ. በ2017፣ አዋብ ሳይወለድ፣ ለአከራዩ የቤቶች ድርጅት ሻጋታ አለብን ብሎ አመለከተ። የተሰጠው መልስ ቀለም ቀባበት የሚል ነበር። ቀባ። ተመልሶ መጣ። ድርጅቱ ጥፋቱን በነዋሪዎቹ አኗኗር ላይ ጣለው፤ የውኃ አጠቃቀማቸውና የመታጠብ ልማዳቸው ሳይቀር ተነሳ፤ ኋላም ይህ መሠረት የሌለው ግምት እንደነበር ራሱ አምኗል። አዋብ ዲሴምበር 2020 ሞተ። ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በኖቬምበር 2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን ጆአን ኪርዝሊ፣ ልጁ የሞተው በቤቱ ውስጥ ለሻጋታ ለረጅም ጊዜ በመጋለጡ በደረሰበት የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው ስትል ወሰነች። የእንግሊዝ ፓርላማ በ2023 በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣ፤ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮም የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች አስቸኳይ አደጋን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወግዱ፣ ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ አቤቱታን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምሩ ተገድደዋል።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት አልተኛሁም። «ቀለም ቀባበት።» እኔን ማንም ሳይነግረኝ ነበር የቀባሁት። «አኗኗራችሁ ነው» ሲሉኝም «እሺ» ብያለሁ።

በማግሥቱ ለምን በጽሑፍ አላመለከትክም ብትሉኝ፣ ፈራሁ። የባለቤቴ የጥገኝነት ጉዳይ ገና አልተወሰነም ነበር። እኛ መንግሥት ቤታችን ገብቶ ሲመረምር የምናውቀው በቀበሌ ነው፤ የቀበሌ ሰው ደግሞ ሻጋታ ፍለጋ አይመጣም። አንድ የሀገራችን ሰው ይህን ፍርሃቴን ሰምተው ነገሩን ያቀለሉልኝ እንዲህ ሲሉ ነበር፦ «ወንድሜ፣ የከተማው ተቆጣጣሪ የሚያየው ግድግዳህን እንጂ ፓስፖርትህን አይደለም።» እውነታቸውን ነው። ሚኒያፖሊስ በ2003፣ ሴንት ፖል በ2004 ባወጡት ደንብ የከተማው ሠራተኞች ሕግ ካላስገደዳቸው በቀር ነዋሪውን ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታው እንዳይጠይቁ ተከልክለዋል።

ከዚያ ሆም ላይን ለተባለው ድርጅት ደወልኩ። በሚኒሶታ ለተከራዮች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ነው፤ ስልኩ 612-728-5767 ነው፣ ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣችሁ ላይ ለጥፉት። የተማርኩት ይህን ነው። በሚኒሶታ ሕግ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ ብቁ አድርጎ፣ ጠግኖ፣ የጤናና የደኅንነት ደንቦችን ጠብቆ የማከራየት ግዴታ አለበት፤ በኪራይ ውሉ ላይ «ይህ መብት የለህም» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያስፈርማችሁ እንኳ ዋጋ የለውም። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቢያንስ 68 ፋራናይት ሙቀት እንዲያቀርብ ሕጉ ያዛል። ብርዱም የሻጋታ ተባባሪ ነውና ይህም ጉዳያችን ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የተበላሸውን ዘርዝራችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ በደብዳቤ ለአከራዩ ትሰጣላችሁ፤ ቅጂውንና ፎቶግራፉን ታስቀራላችሁ። በ14 ቀን ውስጥ ካልጠገነ የቤት ኪራዩን ለእሱ ሳይሆን በካውንቲያችሁ ፍርድ ቤት አስይዛችሁ መክሰስ ትችላላችሁ። ልብ በሉ፣ ኪራዩን ዝም ብሎ ማስቀረት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ለማስወጣት ምክንያት ይሆንባችኋል። ለከተማው ተቆጣጣሪዎችም ማመልከት ይቻላል፤ ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው 311 ይደውል፣ ሴንት ፖል ያለው የደኅንነትና የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱን ይጥራ። ተከራይ ስላመለከተ በ90 ቀን ውስጥ አከራዩ ልቀቅ ቢለው፣ በቀል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የአከራዩ ነው።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። የሐኪሟን ደብዳቤ አያያዝኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሠራተኛ መጣ፤ ይዞት የመጣው ባልዲ ቀለም ነበር። አማቴ በሩ ላይ ቆመው በአማርኛ «አይገባም!» አሉት። ቋንቋ አላስፈለገም፣ ገባው፣ ተመለሰ። ከዚያ የከተማውን ተቆጣጣሪ ጠራሁ። ሰውዬው ጫማውን በፕላስቲክ ሸፍኖ ገባ፣ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ስለ ወጣችን አንድ ቃል አልተናገረም። ለአከራዩ ቀነ ገደብ የተቆረጠበት ትእዛዝ ሄደ።

ግድግዳው የተከፈተ ዕለት እኔም ባለቤቴም ከሥራ ቀርተን አየን። ከእኛ በላይ ካለው አፓርታማ የመታጠቢያ ገንዳ የሚወርደው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ያነባል፤ ጠብታው በግድግዳው ሆድ ውስጥ እየወረደ ታች ይጠራቀማል። የጀሶው ሰሌዳ ከጀርባው ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ እንደ ረጠበ ዳቦ በእጅ ይቆረስ ነበር። እኔ በፊት ለፊቱ ቀለም ስቀባ፣ እሱ ከኋላው ሲበላ ነበር የከረመው።

አማቴ ይህን ሲያዩ «ኦሪት ላይ ተጽፏል» አሉ። እኔ ለማጽናናት ያሉት መስሎኝ ነበር። ማታ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14ን ከፈትኩት። በቤት ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ደዌ ሲታይ ባለቤቱ ለካህኑ ይናገራል፤ ካህኑ አይቶ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ደዌው ከሰፋ የታመመው ድንጋይ ወጥቶ ከከተማ ውጭ ይጣላል፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ አዲስ ድንጋይ ይገባል፣ ይመረጋል፤ እንደገና ከመጣ ቤቱ ይፈርሳል። የአሜሪካ መንግሥት የዛሬ መመሪያ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የተበላውን ሰሌዳ ቆርጠህ አውጣ፣ ጣል፣ አድርቅ፣ ተመልሶ እንደሆነ ተመልከት ነው የሚለው። በኦሪቱ ቀለም ቀባበት የሚል የለም።

ራሳችሁ ለምታጸዱት የሚሆን ጥቂት ልጨምር። ቦታው በሦስት ጫማ በሦስት ጫማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ለራስ የሚቻል ሥራ ነው። ኤን 95 የሚባለውን ጭምብልና ጓንት አድርጉ፣ ልጆቹን ከክፍሉ አውጡ። ሰድር፣ መስታወት፣ ብረት የመሰለ ጠንካራ ነገር በሳሙናና በውኃ ተፈትጎ ይደርቃል፤ በረኪና ለዕለት ተዕለት ጽዳት አይመከርም። በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል፣ ከሻጋታው በፊት እሱ ይገድላችኋል። የበሰበሰ ምንጣፍ፣ የኮርኒስ ሰሌዳ፣ የረጠበ ፍራሽ አይታጠብም፣ ይጣላል። «ኦዞን የሚረጭ ማሽን» እያሉ የሚሸጡላችሁን አትግዙ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባ ይጎዳል። የሻገተ እንጀራም የሻገተውን ዳር ቆርጦ ቀሪውን መብላት አይገባም፤ እንጀራ ዐይናም ነው፣ ሻጋታው ካያችሁት አልፎ ገብቷል።

የራሳችሁን ቤት የገዛችሁ፣ ማናጀሩም ተከራዩም እናንተው ናችሁ። በዚህ አገር ጣሪያ ላይ የሚጋገር በረዶ አለ፤ ከጣሪያው ሥር የሚያመልጠው ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፣ ውኃው ወደ ጠርዙ ወርዶ እንደገና ይረጋል፣ ከኋላው የመጣው ውኃ መውጫ ሲያጣ በክዳኑ ሥር ወደ ቤት ይገባል። ከጣሪያችሁ ጠርዝ የተንጠለጠለው እንደ ጦር የረዘመ በረዶ ለፎቶግራፍ ያምራል፣ ትርጉሙ ግን ይህ ነው። በማርችና በኤፕሪል በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ቤዝመንቱ ተራውን ይጠብቃል። ከቤት ኢንሹራንስ ውላችሁ ላይ ሻጋታ የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ አንብቡ። በ2001 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ዳኝነት በሻጋታ ጉዳይ በኢንሹራንስ ኩባንያ ላይ 32 ሚሊዮን ዶላር ፈርዶ ነበር፤ በ2002 ወደ 4 ሚሊዮን ቢወርድም ከዚያ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ሻጋታን ከውላቸው አውጥተዋል ወይም ገድበዋል።

በተረፈ፣ ከእኛም ያልተናነሰ የተቸገሩ፣ በሚኒያፖሊስ ኮርኮራን በተባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ተከራዮች፣ በቤቶቻቸው መበላሸት ለዓመታት ተደራጅተው ተሟግተው እ.ኤ.አ. በ2020 አምስቱ ሕንፃዎች ከአከራያቸው እጅ ወጥተው በነዋሪዎቹ ኅብረት ሥር የሚገቡበትን መንገድ አስከፍተዋል። እኛ ያን ያህል አልሄድንም። ግድግዳችን ተለወጠ፣ ቧንቧው ተጠገነ፣ ማራገቢያው ተቀየረ፤ አሁን ወረቀቱን ይዞ ያስቀራል። በእኛ በኩል ደግሞ ቁም ሣጥኑ ከውስጠኛው ግድግዳ ጎን ተዛወረ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣት ቀረ፣ እንጀራ ሲጋገር ማራገቢያ ይከፈታል፣ ከመታጠቢያ ቤት ስንወጣም ለግማሽ ሰዓት ይሠራል። አሥር ዶላር ገደማ በሆነ ዋጋ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። ከ30 እስከ 50 በመቶ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ግን መስኮቱ እንዳያልበው ወደ 20 በመቶ መውረድ አለበት።

ልጁ አሁንም አስሙ አለበት፤ ከጉንፋን ጋር ይነሳል፣ መድኃኒቱ በኪሴ ነው። ሌሊት ግን ይተኛል። አማቴ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ ወዲህ በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቁት «መለኪያው ስንት ይላል?» ብለው ነው። ዛሬ ጠዋት 34 ይላል።